ሁልጊዜ የሚገባቸው ልጆች

መምህሯ ፊት አታምንም። የአምስተኛ ክፍል ልጅ፣ በእሷ አስተያየት፣ ፊቱን ማሠልጠን ከጀመረ ቆይቷል፤ አንዲት ነገር ሳይገባው ቅንድቡን ሰቅሎ፣ ራሱን ነቅንቆ፣ የገባው መምሰል ይችልበታል። ማጅራቱን ግን ማንም አላሠለጠነለትም። ስለዚህ ሰሌዳው ላይ ጽፋ ስትጨርስ ወደ ክፍሉ ጀርባ ትሄድና ቁምሳጥኑን ተደግፋ ትቆማለች። የገባው ልጅ ትከሻው ይወርዳል። ያልገባው አንገቱን እንደ ኤሊ ወደ ኮሌታው ይሰበስባል፣ ከጆሮው ኋላ ያካል፣ እግሩን በወንበሩ እግር ላይ ይጠመጥማል። እሷም ድምፅ ሳታሰማ ሄዳ አጠገቡ ቁጭ ትላለች።

ልጆቹ "ማጅራት አንባቢዋ" የሚል ስም አውጥተውላታል፤ የማታውቅ ይመስላቸዋል። ባለቤቷ፣ ጡረታ የወጣ የአውቶቡስ ሾፌር፣ ይህን ስም የሰማ ቀን ሆዱን ይዞ ነው የሳቀው። "ስንት ዓመት ማጅራት መቺ ስፈራ ኖሬ፣ ለካ ቤቴ ውስጥ ማጅራት አንባቢ አስቀምጫለሁ" አላት።

ዘንድሮ የትምህርት ጽሕፈት ቤቱ ከሰሌዳዋ ጎን አንድ ትልቅ ስክሪን ከነካሜራውና ከነድምፅ ማጉያው ሰቀለላት። ከተራራው ማዶ፣ መኪና ዙሪያ ጥምጥም ሲሄድ ውሎ የሚደርስበት ቦታ፣ አንድ ትንሽ ትምህርት ቤት አለ፤ እዚያም ሌላ ስክሪን፣ ካሜራና ድምፅ ማጉያ ገባ፣ ጣሪያው ላይ ሶላር ተተከለ። ትምህርት ቤቱ ያለው አንድ ወጣት መምህር ብቻ ነው። በአንድ ጊዜ ሁለት ክፍል ይይዝና በመካከላቸው ባለው በር ሲመላለስ ይውላል። ሒሳብን በተመለከተ ደግሞ ገና በመጀመሪያው ቀን በስክሪኑ ብቅ ብሎ ቁርጡን ነገራት። "እትዬ፣ እኔና ሒሳብ አይጥና ድመት ነን። አይጧ ደግሞ እኔ ነኝ።"

ስለዚህ የማዶው አምስተኛ ክፍል ሒሳብን ከእሷ ክፍል ጋር አብሮ እንዲማር ተወሰነ። ይህን የወሰነው የጽሕፈት ቤቱ ኃላፊ ክፉ ሰው አይደለም፤ ብዙ ትምህርት ቤትና ጥቂት ዕቃ ያለው ሰው ነው። ዕቃው በተተከለ ዕለት ማዶ ድረስ ሄዶ ወጣቱን መምህር በር ላይ አቁሞ አነጋገረው፤ ለእሷም ተመልሶ ያንኑ ደገመላት። "ሙከራ ነው። መንፈቀ ዓመቱ ሲያልቅ መጥቼ እርስዎ ክፍል ቁጭ ብዬ አያለሁ። የማዶዎቹ ከገባቸው ይቀጥላል። ካልገባቸው ዕቃው ተነሥቶ ሌላ ቦታ ይሄዳል፣ አምስተኛ ክፍላቸውም ይዘጋና ልጆቹ ከተማ ወርደው ይማራሉ።" ከተማ ወርዶ መማር ምን ማለት እንደሆነ ሁለቱም ያውቃሉ። ዘመድ ያለው ይወርዳል፤ የሌለው እቤቱ ይቀራል።

የመጀመሪያው ሳምንት ትምህርትም አልነበረም። ሁለቱ ክፍሎች እርስ በርስ አፍጥጠው ሲተያዩ አለቀ። እናንተ ጋ ስንት ሰዓት ነው? እዚህም ያው ነው። ያ ከኋላችሁ የተሰቀለው ምንድን ነው? ካርታ ነው። እኛ አለንበት? የማዶዎቹ ልጆች ከመስኮቱ ውጭ ያለውን ካላየን ብለው ስላስቸገሩ የእሷ ልጆች ካሜራውን ከነሽቦው ተሸክመው መስኮቱ ላይ ደቀኑት። ውጭ የነበረው አንድ ዛፍና የተሰጣ ልብስ ብቻ ነው፤ ማዶ ግን ሲኒማ የገቡ ያህል ጸጥ ብለው አዩት። አንድ ቀን ማዶ ዝናብ ወረደና የቆርቆሮው ጩኸት በድምፅ ማጉያው መጣ፤ እዚህ ፀሐይ ነበር። ከፊት የተቀመጠ አንድ ልጅ ተነሥቶ ድምፅ ማጉያውን በእጁ ዳሰሰና መዳፉን አየ። ክፍሉ በሙሉ ሳቀበት፤ መምህሯ ግን እሷም እጇን ልትሰድ ምንም አልቀራትም ነበር።

ከዚያ ክፍልፋይ ጀመሩ። የማዶዎቹ ልጆች ተአምር ሆኑባት።

"ገባችሁ?" ስትል የእሷዎቹ ይቁለጨለጫሉ፣ አንዱ ያጉረመርማል። ከስክሪኑ ግን በአንድ አፍ "ገባን" ይመጣል፤ ፊታቸው በርቶ፣ ዓይናቸው ተከፍቶ፣ ራሳቸው እየተነቀነቀ። በተለይ ባለ ቢጫ ሹራቧ ልጅ ከሁሉም ቀድማ ነው የምትነቀንቀው። የዚህኞቹ ልጆች "ቢጫዋ" ይሏታል። መምህሯ እንደው ደስታው አሳስቷት የራሷን ልጆች "እስቲ የማዶዎቹን እዩ" ብላ ወቀሰቻቸው። ፊት የማታምነዋ ሴትዮ፣ ስክሪን ላይ ሲሆን አመነች።

ፈተና ሰጠች። ወጣቱ መምህር ወረቀቶቹን አንድ በአንድ ካሜራው ፊት እየያዘ አሳያት። አንደኛው ወረቀት ባዶ ነው። ሁለተኛው ግማሹ ባዶ፣ ግማሹ ስሕተት። ሦስተኛውን ስታይ መነጽሯን አወለቀችና ጠርጋ መለሰችው። ተኮራርጀውም ቢሆን ደግ ነበር፤ እነሱ ግን እያንዳንዳቸው በየራሳቸው መንገድ ነው የጠፉት።

"የሚቀጥለው የቢጫዋ ነው" አለ ወጣቱ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

"አሳየኝ።"

አሳያት። አንድም ትክክል የለ።

ሌላ ሰው ቢሆን ይናደዳል። እሷን ግን ነገሩ አልዋጥልሽ አላት። ሰነፍ ልጅ ታውቃለች፣ ፈሪ ልጅ ታውቃለች፣ ቀልቡ ውጭ የሚያድር ልጅ ታውቃለች። እንዲህ በደስታ እየነቀነቀ ምንም የማይሰማ ክፍል ግን አይታ አታውቅም። እቤቷ ገብታ እራት እየበሉም ስለሱ አወራች፤ ባለቤቷ ሰምቶ ሰምቶ ትከሻውን ነቀነቀ።

"አንቺኮ ሰው ከፊቱ አይተሽ አታውቂበትም" አላት። "እኔንም ያገባሽኝ ከኋላ ወንበር ተቀምጠሽ ማጅራቴን እያየሽ ነው። ፊቴን በደንብ ብታዪው ኖሮ ይኼኔ የሌላ ሰው ሚስት ነበርሽ።"

ሳቀች። ከዚያ መሳቋን አቆመችና ጉርሻዋን እንደያዘች ቀረች። ሳምንታት ሙሉ የማዶዎቹን ልጆች ያየችው ከፊታቸው ብቻ ነው።

በማግስቱ ወጣቱን መምህር ካሜራውን ከፊት አንሥቶ ከክፍሉ ጀርባ እንዲያቆመው ለመነችው። እሱም እሺ አለ። ቀጥሎ ባለው የሒሳብ ሰዓት ስክሪኑ ሲበራ ፊታቸው ተደርድሮ ጠበቃት፤ እንደ ወትሮው የበራ፣ የተከፈተ ፊት። የተለወጠው ከኋላቸው ያለው ነው። ሰሌዳውና የነሱ ስክሪን ከጀርባቸው ሆነዋል። ካሜራው ሲዞር እነሱም ዴስካቸውን አዙረው አብረውት ዞረዋል።

"እትዬ፣ እምቢ አሉኝ" አለ ወጣቱ። "ለትልቅ ሰው ጀርባ አንሰጥም ነው የሚሉት። እኔም ብሆን ትንሽ ከብዶኛል።"

ወንበር ስባ እስክትቀመጥ ድረስ ሳቀች። ከዚያ ዴስኩን መልሱት አለቻቸው። መለሱት፤ ግን ፊታቸው ጠቆረ፣ አንዱማ ከንፈሩ መንቀጥቀጥ ጀመረ። "ቲቸር፣ ምን አጠፋን?" አለ። ፊትህን አዙር መባል ለእነሱ ቅጣት ነው። መምህሯ ይህን ስትረዳ አንጀቷን በሉት። የራሷን ካሜራም አንሥታ ከክፍሏ ጀርባ፣ ከቁምሳጥኑ አጠገብ አቆመችው። "ይኸው፣ የኔዎቹም ጀርባቸውን ሰጥተዋችኋል። ተቀየማችኋቸው?"

ማዶ አንገቶች ተጣመሙ፣ ትንሽ ሳቅ ተሰማ። ያኔ ነው ሁሉም በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ያዩት። እዚህ ተቀምጦ ስክሪኑን የሚያይ ልጅ ከፊቱ የማዶዎቹን ጀርባ ያያል፤ እነሱ ከፊት ወንበር የተቀመጡ፣ ግድግዳው ተነሥቶ ክፍሉ ዝም ብሎ የቀጠለ ይመስላል። ማዶ ያለውም እንደዚያው የእነዚህን ጀርባ ከፊቱ ያያል። ታዲያ ማነው ፊት የተቀመጠው? በዚህ ላይ ያን ቀን ብዙ ክርክር ሆነ።

መምህሯ ስለ ሲሶና ሩብ አስተማረችና ወደ ኋላ ሄዳ ቆመች። አሁን ሁሉም ማጅራት ፊቷ ነው፤ የዚህም የዚያም።

"ገባችሁ?"

አየችው። ማዶ ማንም ወዲያው አልመለሰም። አንገቶቹ ሁሉ፣ ትንሽ፣ ለዓይን በማትሞላ እንቅስቃሴ፣ ወደ ሁለተኛው ዴስክ ዞሩ። ቢጫዋ ራሷን ነቀነቀች። ከዚያ ሁሉም ነቀነቁ፤ "ገባን" አሉ። የቢጫዋ ማጅራት ግን ኮሌታዋ ውስጥ ተሸሽጓል፤ ሁለቱም እግሮቿ የወንበሩን እግር ጨምቀው ይዘዋል።

ከትምህርቱ በኋላ ቢጫዋን ብቻዋን እንዲያስቀራት ጠየቀች። ልጅቷ ካሜራው ፊት መጣችና ጫማዋን እያየች ቆመች።

"የኔ ልጅ፣ አልቆጣሽም። ማወቅ ብቻ ነው የምፈልገው። ሳይገባችሁ ለምንድን ነው ገባን የምትሉኝ?"

ልጅቷ ሹራቧን ጎተተች።

"አንቺ ነሽ መጀመሪያ የምትነቀንቂው። አይቼሻለሁ።"

"ከኋላ አዩኝ?"

"ከኋላ።"

ልጅቷ ይህን ትንሽ አሰበችበት። ከዚያ ነገሩ ሁሉ አንዴ ወጣ። ዕቃው የተተከለ ቀን ኃላፊው በር ላይ ቆሞ ለቲቸራቸው ሲናገር ሰምተዋል፤ ካልገባቸው ይዘጋል ብሏል። ስለዚህ ቧንቧው ጋ ተሰብስበው ተማማሉ። ከዛሬ ጀምሮ ሁሉም ነገር ይገባናል። ማንም አልገባኝም እንዳይል። ምልክቱን የምትሰጠው እሷ ናት፤ ምክንያቱም እሷ አትፈራም።

"አንቺስ ብትወርጂ ዘመድ የለሽም?"

"አክስት አለችኝ። እህቴም እሷ ጋ ነው የሄደችው፣ ልትማር ብላ።" ልጅቷ አፍንጫዋን ጠረገች። "ልብስ ታጥባለች፣ ልጅ ታዝላለች። ደብተሯን አምና ይዛው መጥታ ነበር፤ አልተጻፈበትም። ለኔ ሰጠችኝ።"

መምህሯ ይህን ያህል ዘመን ስታስተምር ትምህርት ቤታቸውን ለማዳን ብለው በጋራ የሚደነቁሩ ልጆች አጋጥመዋት አያውቁም። ልትስቅ ነው ልታለቅስ ለራሷም አልለየላትም። አይዘጋም ብላ ቃል ልትገባላት አፏ ድረስ መጥቶ ነበር፤ ግን በእጇ የሌለ ነገር ነው።

"ስሚ" አለቻት። "ገባን ስትሉኝ እኔ ትቻችሁ ወደሚቀጥለው እሄዳለሁ። በዚህ ዓይነት የምትዘጉት እናንተው ናችሁ። አፋችሁ ከፈራ አፋችሁን ተዉት። እኔ ከኋላ ነኝ። ያልገባው ሰው እጁን ማጅራቱ ላይ ያድርግ፣ በቃ። ከፊት ሆኖ የሚያይ ሰው የሚያክ ነው የሚመስለው።"

በሚቀጥለው ትምህርት አንድ እጅ ብቻ ወጣ፤ የቢጫዋ። በሚቀጥለው ሦስት። ከዚያ በኋላማ ማዶ ሁሉም እጁን ማጅራቱ ላይ አድርጎ የተቀመጠ ክፍል ሆነ። መምህሯ እየተመለሰች ደገመች፤ ወረቀት አጠፈች፣ ገመድ ቆረጠች፣ ኔትወርክ ሲጠፋ ጠበቀች፣ ሲመለስ ካቆመችበት ቀጠለች። ወጣቱ መምህርም በሩ ላይ ቆሞ ሲያዳምጥ ትይዘዋለች፤ አንድ ቀን የእሱም እጅ ማጅራቱ ላይ ነበር። ቀስ በቀስ እጆቹ ቀነሱ። የአፍ "ገባን" ግን አልቀረም። አፋቸውን ለኃላፊው ያሠለጠኑት ነውና እንደዚያው ቀጠለ።

ኃላፊው በመንፈቀ ዓመቱ መጨረሻ መጣ። ሸሚዙ የተተኮሰ ነው፤ ከአቧራማው መንገድ እንዴት ንጹሕ ሆኖ እንደወጣ እንጃ። በስክሪኑ የማዶዎቹን ሰላም አላቸው፤ ተነሥተው ሰላም አሉት። ከዚያ ከኋላ፣ ቁምሳጥኑ ጋ፣ ከመምህሯ አጠገብ ተቀመጠ። የዕለቱ ትምህርት ግማሽን ከሲሶ መደመር ነበር። መምህሯ ደንቡን አስረዳች፣ ሠርታ አሳየች፣ ወደ ኋላ ተመልሳ ቆመች። 

ኃላፊው አላስቻለውምና ራሱ ጠየቀ። "ልጆች፣ ገባችሁ?"

"ገባን" አለ ስክሪኑ በአንድ አፍ። በዚያው ቅጽበት ማዶ ያለ እጅ ሁሉ ማጅራት ላይ ወጣ።

ኃላፊው ፈገግ ብሎ እሷን አየና እንደገና ስክሪኑን አየ። "ጥሩ ነው፣ ገብቷቸዋል። ማጅራታቸውን ግን ምን ነካቸው? ትንኝ አለ እንዴ እዚያ?"

መምህሯ አፏን ከፈተች። "አዎ፣ ትንኝ አለ" ብትለው ያልቃል። ሰውየው ደስ ብሎት ይሄዳል፣ ክፍሉ ይተርፋል። ቃሉን ልታወጣው ስትል ዓይኗ ከስክሪኑ ወደ ራሷ ልጆች ወረደ። የራሷ ክፍል፣ ሦስተኛው ረድፍ፣ ልጆቹ "ካልኩሌተር" የሚሉት ጎበዙ ልጅ ተቀምጧል። መንፈቀ ዓመቱን ሙሉ ማጅራቱ ቀጥ ያለ፣ ትከሻው የወረደ፣ አንድም ቀን አጠገቡ ሄዳ ያልተቀመጠችበት ልጅ። እጁ ማጅራቱ ላይ ነው።

አፈረች። በዚያው ልክ ደግሞ፣ ለምን እንደሆነ ሳታውቅ፣ ጉጉት ያዛት። ስንቱን ነው ሳላነብ ያለፍኩት አለች በሆዷ።

እሷ ገና ስታመነታ ማዶ ወንበር ጮኸ። ቢጫዋ ተነሥታ ቆማለች። ጎኗ ያለችው ልጅ ሹራቧን ትጎትታለች፤ ተቀመጪ፣ ሰውየው እያየን ነው። ቢጫዋ አትሰማም። ወረቀቷ ላይ ያለውን እያየች ነበር፤ ኃላፊ መኖሩንም፣ መሐላውንም የረሳች ትመስላለች።

"ቲቸር፣ እኔ አልገባኝም" አለች።

ማዶ አንድም አንገት አልተንቀሳቀሰም።

"ላይኛውን ከላይኛው፣ ታችኛውን ከታችኛው ደመርኩት። ሁለት አምስተኛ መጣልኝ። ሁለት አምስተኛ ደግሞ ከግማሽ ያንሳል፤ በወረቀት አይቼዋለሁ። ግማሽ ነበረኝ፣ ሲሶ ጨመርኩበት። ጨምሬበት እንዴት አነሰብኝ?"

ኃላፊው ወደ መምህሯ ዞረ። "ገባን ብለው አልነበር እንዴ?"

"ይላሉ" አለች መምህሯ። ትንኙ ከምላሷ ወርዷል። "ካልገባን ይዘጋል ብለው ስለሚፈሩ ሁልጊዜ ገባን ይላሉ። ከእርስዎ ነው የሰሙት፣ በሩ ክፍት ነበር። እጃቸውን ማጅራታቸው ላይ ሲያደርጉ ነው እውነቱን የሚነግሩኝ።"

ሰውየው ስክሪኑን፣ እነዚያን ሁሉ እጆች፣ አንድ በአንድ አያቸው።

ካልኩሌተር ተነሣ። "እኔም አልገባኝም" አለ። "መልሱ አምስት ስድስተኛ ነው። ደንቡን ስለማውቀው አገኘዋለሁ። ለምን እንደሆነ ግን አላውቅም። እሷ ያለችውን አስቤው አላውቅም።"

"ታዲያ እስቲ እንየው" አለች መምህሯ።

ወረቀት ወጣ። እዚህም እዚያም እኩል አጠፉ፤ ለሁለት፣ ከዚያ ለሦስት። አጥፈው ሲከፍቱት ስድስት ቁራጭ ሆነ። ግማሹ ሦስት ቁራጭ ነው፣ አለ ካልኩሌተር። ሲሶው ሁለት ነው፣ አለች ቢጫዋ፤ ቆይ፣ ቆይ፣ ታዲያ መጀመሪያ እኩል አድርገን መቁረጥ ነበረብን ማለት ነው። ትልቅ ቁራጭና ትንሽ ቁራጭ አንድ ላይ አይቆጠርም፣ አለ አንዱ ከማዶ፤ ከንፈሩ ይንቀጠቀጥ የነበረው ልጅ ነው። ከዚህኛው ክፍል ሌላው ተቃወመው። ሁለቱ ክፍሎች በስክሪኑ ተጯጯሁ፤ ማን ከማን ጋር እንደሚማር መለየት አቃተ። ደወል ተደወለ፤ ማንም አልተነሣም። ኃላፊው ራሱ ከደረት ኪሱ ወረቀት አውጥቶ ለሁለት ሲያጥፈው መምህሯ በዓይኗ ጠርዝ አየችውና ያላየች መሰለች።

ጫጫታው ሲበርድ ሰውየው ተነሥቶ ማይኩን ለመነ። 

"ልጆች፣ ስለ ክፍላችሁ..." ብሎ ጀመረ፤ ማዶ ትንፋሽ ጠፋ። እጆች ከማጅራት ወርደው ጭን ላይ ሆኑ።  "አልገባንም ስላላችሁ አይዘጋም። በሚመጣውም ዓመት ይቀጥላል። እኔ ነኝ ያልኩት።"

ወጣቱ መምህር በሩን ተደግፎ ዓይኑን ጨፈነ። ልጆቹ ግን አልጮኹም፤ አንገቶቹ ሁሉ እንደ ለመዱት ወደ ሁለተኛው ዴስክ ዞሩ፣ ቢጫዋ ምን እንደምትል ሊያዩ።

ቢጫዋ ወዲያው አልነቀነቀችም። ቀስ ብላ ወደ ኋላ፣ ወደ ካሜራው፣ ዞረች።

"እውነትዎን ነው? አልገባኝም ብንልም?"

"እውነቴን ነው።"

ቀና ብላ አየችው፤ ያመነችው መሰለች። ከዚያ ወረቀቷን አነሣችና ሌላኛውን ገጽ ገለበጠች።

"እንግዲያው ሌላም ያልገባኝ አለ" አለች።